ቃሬዛው ትከሻ ሲቀይር

ደብተር የምገዛው በሰኔ ነው። ትምህርት ቤት ገና ሳይዘጋ፣ ክረምቱ ሳይጠነክር፣ ሰው ሁሉ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲያወራ እኔ ልጄን አስከትዬ ለመስከረም ደብተር እገዛለሁ። ባለሱቆቹ ያውቁኛል። «ያቺ ሴትዮ መጣች» ይባባላሉ መሰለኝ። ይባባሉ።

ዘንድሮ የገባሁበት ሱቅ ሰቆጣ ውስጥ ከድሮው ቦኖ ፊት ለፊት ያለው ነው። ለብዙ ዓመት በዚያ በኩል ስሄድ ማዶ ማዶውን ነበር የማልፈው። ዘንድሮ ደንበኛዬ ደብተር ስላላመጣ ገባሁ። መብራት ጠፍቷል። በሩ ላይ ትንሽ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል፤ የቤንዚኑ ጭስ ከአዲስ ወረቀት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞልቶታል። እነዚህ ሁለት ሽታዎች አብረው አፍንጫዬ ሲገቡ በዕድሜዬ ሁለተኛው ነው። ባንኮኒውን ያዝ አደረግሁ።

ባለሱቋ ወጣት ሴት ናት። ደርዘኑን ደብተር ከመደርደሪያ አውርዳ ፊቴ ካስቀመጠች በኋላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ጌም ትጫወታለች። አንዲት ትንሽ ሰው መሳይ ነገር ገደል አፋፍ ላይ ቆማ፣ ወዲህና ወዲያ የሚሄድ ጣውላ ላይ ለመዝለል ትሞክራለች። ዘለለች፤ ወደቀች። እንደገና ዘለለች፤ ወደቀች።

«አትከተይው» አልኳት።

«ምኑን እትዬ?»

«ጣውላውን። ራሱ ይመለሳል። ትከሻ ሲቀይሩ ነው የሚዘለለው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ነጠላዬን ጎተተችኝ። እኔም የደርዘኑን ላስቲክ ቀድጄ ደብተሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ።

«ከፋብሪካ ታሽጎ ነው እኮ የመጣው፤ አይጎድልም» አለች ባለሱቋ።

«ይምጣ» አልኳት። «እቆጥራለሁ።»

ያን ክረምት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ይቀሩታል። የአባቴ አገር ሰቆጣ ዙሪያ ሆኖ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እዚያ የነበረው ትምህርት ቤት ከሦስተኛ ክፍል አያልፍም። ስለዚህ አባቴ ከተማ ላለችው እህቱ ሰጠኝ። አክስቴ እትዬ ብርቄ ጠላ ትሸጣለች። ጠላ ማለት ውሃ ነው። ውሃ ማለት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ባለበት ቀን ጠዋት ሁለት ጄሪካን፣ ማታ ሁለት ጄሪካን። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቀኑን ሙሉ።

በሰኔ መጨረሻ አባቴ ለገበያ መጥቶ ከአክስቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔ ብቅል እያሰጣሁ ነበር። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ገብሱ አላማረም።

«ዩኒፎርሙ ለከርሞም ይበቃታል፣ ጫፉን አወርድላታለሁ» አለች እትዬ ብርቄ። «ምግቧም ከእኔ። ደብተሩ ግን ካንተ ነው።»

«ደብተር ከተገኘ ትማር» አለ አባቴ። «ካልተገኘ ለአንድ ዓመት እቤት ትቆይ።»

ሰው ይህን ሲሰማ ምን አለበት ይላል። አንድ ዓመት ነው። እኔ ግን በመንደራችን «አንድ ዓመት» የተባሉ ልጃገረዶችን አውቃለሁ። አንዷም አልተመለሰችም። አንዷ በሚቀጥለው ጥር ተዳረች። አንዷ ከብት ጥበቃ ላይ ቀረች። ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደብተር። ስድስት ቢሆን ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። አንዱን ደብተር ከፊት አንድ ትምህርት፣ ከኋላ ገልብጬ ሌላ ትምህርት እጽፍበታለሁ።

የቦኖው ውሃ እንደ ክር የቀጠነ ነበር። ሰልፍ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጄሪካን ነው። አንድ ሰው ሲቀዳ ሁላችንም ጄሪካናችንን በእግራችን ገፋ እናደርጋለን፤ ከዚያ መልሰን እንቆማለን። ወረፋ እስኪደርስ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ይሆናል። ትልልቆቹ ሴቶች ያወራሉ። እኛ ትንንሾቹ ማዶ ያለው መስኮት ላይ እንንጠለጠላለን።

መስኮቱ የጋሼ ምስጋናው ጌም ቤት ነው። ጋሼ ምስጋናው ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ከወልድያ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ጄኔሬተርና አንድ የጌም ማሽን ይዞ መጣና ጭቃ ቤቱን በአግዳሚ ወንበር ሞላው። ወንዶቹ ልጆች ተጨናንቀው ይቀመጡበታል። ሴት ልጅ አትገባም። ማንም አትግቢ ብሎ በር ላይ አልጻፈም፤ ግን አትገባም። አንድ ቀን ጓደኛዬ ለምለም አንድ እግሯን ብታስገባ ጋሼ ምስጋናው ሳቀና «ሴት ማሽን ትሰብራለች፣ ውጪ ሆናችሁ እዩ፤ ማየት በነጻ ነው» አላት። እንደ ትልቅ ቸርነት ነበር የነገራት።

መጀመሪያ ያየሁ ዕለት በጣም ተናደድኩ። በማሽኑ ማለቴ ነው። አረንጓዴ ሱሪ የለበሰ ትንሽ ሰው ይሮጣል፣ ገደል ይደርሳል። ገደሉ ላይ ጣውላ አለ፤ ከላይ ገመድ የለውም፣ ከታች ምሰሶ የለውም። አንዴ ወደዚህ ይመጣል፣ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል። ሰውዬው ዘሎ እላዩ ላይ ካልቆመ ገደል ይገባል። ሦስት ነፍስ አለው ይላሉ ልጆቹ። ሦስቱን ነፍስ ሲጨርስ ቀጣዩ ልጅ እጀታውን ይቀበላል። ነፍስን ያህል ነገር እንዲህ በሦስት በሦስት ሲረጩት ማየት ለእኔ ነውር ነበር። ከሁሉ የበለጠ ያናደደኝ ግን ጣውላው ነው። ድልድይ ማለት ሰው እስኪደርስ የሚጠብቅ ነገር ነው። መሻገር የፈለገ ሰው ሲመጣ እያየ የሚሸሽ ድልድይ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እንዲህ ያለውን ሰው ማን አሳደገው?

ሦስት አራት ቀን ካየሁ በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ጣውላው ቃሬዛ ነው።

ከሰሃላ፣ ከሩቁ ገጠር፣ መኪና ከማይደርስበት በሽተኛ ተይዞ የሚመጣው በቃሬዛ ነው። በዚያ ቦኖ ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ ያልፋሉ። አራት ሰዎች ከሥር፣ ሌሎች ለቅያሪ ከጎን። የእኔም እናት ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ ደም ፈሷት በቃሬዛ ነበር ከተማ የገባችው። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እስከ መጀመሪያው ወንዝ ከጎኗ እየሮጥኩ ሸኘኋት። እኔ ከታች ስለሆንኩ እሷን አላይም ነበር፤ የማየው የተሸካሚዎቹን እግር ብቻ ነው። እናቴ በወሩ ልጇን አዝላ በእግሯ ተመለሰች። ያን እግር ግን አልረሳሁትም። ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ከዚያ አንዱ «ቅያሪ» ይላል፤ ትከሻ ይቀይራሉ። ያኔ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ይሄዳሉ።

ጣውላውም እንደዚያው ነበር። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጫፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ከሥሩ ሰዎች አሉ። ገደሉ ጥቁር ስለሆነ አይታዩም እንጂ አሉ። ይህ እንደገባኝ በንዴቴ አፈርኩ። ሰዎቹ ደክመው እየተመላለሱ እኔ የምራገመው ምን አድርገውኝ ነው?

«የሚሸከሙት ሰዎች ግን ምሳቸውን መቼ ይበላሉ?» ብዬ በመስኮቱ ጠየቅሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ገጠሬዋ ስሙልኝ» አለ አንዱ። የእኛ አገር ሰው ኽምጣኛ ስለሚናገር አማርኛዬ ያኔ ገና ይሰባበር ነበር፤ እሱንም አስመስለው ተሳሳቁ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣውላውን ሁሉም ቃሬዛ ይሉት ጀመር። ስሙን ወሰዱት፤ የሰጠሁትን እኔን ገጠሬ አሉኝ። የእነሱ ነገር ከመጀመሪያውም እንደዚህ ነበር፤ ልብ አላልኩትም እንጂ።

ከወንዶቹ ሁሉ ደህና የሚጫወተው ሲሳይ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የአቶ ደሳለኝ ልጅ ነው፤ በክፍል ከእኔ እኩል ነው። ሲሳይ ሁለቱን ገደል ያልፍና ሦስተኛው ላይ ይሞታል። ሦስተኛው ገደል ሦስት ቃሬዛ አለው፤ አንዱ ከአንዱ ይፈጥናል፤ የመጨረሻው ሰው ሲቆምበት ትንሽ ታግሦ ይወድቃል። ሲሳይ ቃሬዛው ሲሸሽ ተከትሎ ይዘላል። ሁልጊዜ ተከትሎ ይዘላል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «ተሸክመዋል፣ ጠብቅ» አልኩት በመስኮቱ። ጣውላው ጫፍ ደርሶ ቀጥ ሲል «ቀየሩ» አልኩ።

ዘለለ። ቆመ።

ዞሮ አላየኝም። ለሁለተኛው ቃሬዛ ግን እጁን አቁሞ ጠበቀ። እኔን ነበር የሚጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ያለ እኔ አይጫወትም። እኔም ሳልቀር መስኮቱ ላይ ነኝ። እጀታውን አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም፤ ግን የእያንዳንዱን ቃሬዛ እርምጃ እንደ አቡነ ዘበሰማያት አውቀዋለሁ። አንደኛው አራት እርምጃ፣ ሁለተኛው ሦስት፣ ሦስተኛው ሁለት ሆኖ ተሸካሚዎቹ የደከሙ ናቸው፤ እላዩ ላይ አይቆምም። በቤትም ውሃ ስገለብጥ፣ እንጨት ስፈልጥ ከንፈሬ ይቆጥራል። እትዬ ብርቄ ጸሎት የማደርስ መስሏት ለጎረቤቷ ስታሞግሰኝ ሰምቻለሁ።

ፍልሰታ ገባ። እኛ ልጆቹ ፍልሰታን እስከ ቅዳሴ ማብቂያ ድረስ እህል ሳንቀምስ እንጾማለን። በዚያው ሳምንት ጋሼ ምስጋናው ከቴሌቪዥኑ በላይ ባለው ሚስማር አንድ ቦርሳ ሰቀለ። ቦርሳው ውስጥ ደርዘን ደብተር አለ፤ ላስቲኩ አልተቀደደም። «ጾሙ ከመፈታቱ በፊት ሦስተኛውን ገደል ያለፈ ይወስደዋል» አለ።

የአዲሱ ወረቀት ሽታ ከጄኔሬተሩ ጭስ ጋር ሆኖ እስከ መስኮቱ ይመጣ ነበር። ሆዴ ባዶ ነው። ያን ሽታ ስስበው እንደ ምግብ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ልሞክር» አልኩት።

«አንቺ?»

«አንዴ ብቻ። አልሰብረውም።»

«ውሃሽን ቅጂ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑን እንኳ አላፈጠጠብኝም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ዓይኑን ቢያፈጥ ኖሮ እንደ ሰው ቆጥሮኛል እል ነበር።

ስለዚህ ከሲሳይ ጋር ተዋዋልን። እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ በመሐል የመስኮቱ ብረት። ቦርሳው የእሱ፣ ደብተሩ እኩል፤ ስድስት ለእሱ፣ ስድስት ለእኔ።

«ማርያምን በል» አልኩት።

«ማርያምን።»

«በጾሟ እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

«ማርያምን አልኩሽ እኮ፤ ምን ትነዘንዢኛለሽ» አለ።

ለምለም ሰምታለች። ለምለም ምስክር ነበረች።

ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ እንደወጣን፣ ሲሳይ ተቀመጠ። ቤቱ ሞልቶ ልጆች በበሩ ፈስሰዋል። እኔ በመስኮቱ ብረት ላይ ግንባሬን ተክያለሁ። ከኋላዬ የቦኖው ሰልፍ ይሄዳል። «የማነው ይሄ ቢጫ ጄሪካን? ሳቢ እንጂ» ትላለች አንዲት ሴትዮ። የእኔ ነው። አልሳብኩም።

አንደኛውን ገደል አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ፤ አንድ ነፍስ ግን ጨረሰ። ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

«ተሸክመዋል» አልኩ። «ተሸክመዋል። ቀየሩ።»

አንደኛው ቃሬዛ ላይ ነው።

«ተሸክመዋል። ቀየሩ።»

ሁለተኛው ላይ ነው። ጄኔሬተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ሲሳይ፣ እዚህኛው ላይ አትቁም። ገና ስትነካው ዝለል። ተሸክመዋል። ቀየሩ። ሂድ።»

አረንጓዴው ሰውዬ ማዶ መሬት ላይ ቆመ። ከሥሩ ምንም የማይንቀሳቀስ፣ እውነተኛ መሬት። እኔ በዚያ ክረምት ውስጥ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። አምስተኛ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። የምቀመጥበትን ወንበር ሁሉ አየሁት።

ሲሳይን ተሸክመው አወጡት። ጋሼ ምስጋናው ቦርሳውን ከሚስማሩ አውርዶ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ልጆቹ ተበትነው እስኪያልቁ ጠበቅሁና ከወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ደረስኩበት።

«ስድስቱስ?» አልኩት።

«የምን ስድስት?»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«እጀታውን የያዘው ማነው?» አለ። «የኔ ጣት ነው የዘለለው። አንቺ ያዋጣሽው አፍሽን ነው።»

«ማርያምን ብለሃል።»

«ሂጂ፣ ጄሪካንሽ ተሰረቀ» አለኝ።

ጄሪካኔ አልተሰረቀም። ለምለም ጠብቃልኝ ነበር። ወረፋው ግን አልፎኛል። ያን ቀን ጠላው ሳይጠመቅ አደረ፤ እትዬ ብርቄ በቁጣ ነደደች። ለምን እንደዘገየሁ አልነገርኳትም። ደብተሩ ቢኖረኝ እነግራት ነበር።

ጾሙ ተፈታ፤ ሻደይ ገባ። የአገሬ ሰው ሻደይን ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገረው። ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባችን ላይ እንታጠቅና በቡድን ከበሮ ይዘን ቤት ለቤት እየዞርን እንጨፍራለን። የቤቱን ጌታ እናወድሳለን፤ እሱም ይሸልማል። የሚሰስት ካለ በግጥም ሸንቆጥ ይደረጋል። በዚያ ሰሞን ልጃገረድ የተናገረችው ያስቃል እንጂ አያስከስስም። እኔ የቡድናችን አውራጅ ነበርኩ፤ ግጥሙን እኔ አወጣለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከበሮው የለምለም ነው።

አቶ ደሳለኝ ደጅ ደረስን። አቶ ደሳለኝ በረንዳው ላይ በወንበር ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይ ከጎናቸው ቆመዋል። ሲሳይ የበሩን መቃን ተደግፏል፤ ያ ቦርሳ ትከሻው ላይ ነው። በበዓል ቀን ባዶ ቦርሳ ያነገተ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመታየት ነው ያነገተው።

እውነቱን ልናገርና ደጁን ስረግጥ አላሰብኩትም ነበር። የመጀመሪያውን ግጥም ለወፍጮው አወጣሁ። አቶ ደሳለኝ ፈገግ አሉ። ከዚያ ቦርሳውን አየሁት፤ አፌ ራሱ ቀጠለ።

ወፍጮው የታመነ፣ ዱቄት የማይቀንስ፤
ልጁ ግን ደብተሬን በልቶ የማይመልስ።

በፍልሰታ ጾም ማርያምን ብሎ፤
ስድስት ደብተሬን ሄደ ጠቅልሎ።

ልጃገረዶቹ እንደ ልማዳቸው ተቀበሉ፤ ሁለት ጊዜ ደገሙት። በሦስተኛው የለምለም እጅ ከበሮው ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትለው ይህች ልጅ?» አሉ አቶ ደሳለኝ።

«ዋሽታ ነው» አለ ሲሳይ።

እትዬ ፀሐይ ልጃቸውን ዞረው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ሽልማታችንን አንድ ቁና ስንዴ ሰፍረው ራሳቸው ሰጡን፤ ለእኔ ሲደርሱ ፊታቸውን መለሱ።

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎች እትዬ ብርቄ ቤት መጡ። የተከበረ ቤት ደጃፍ ላይ ልጅን ሌባ ማሰኘት አይገባም ተባለ። እንግዲህ በሻደይ ያስቃል እንጂ አያስከስስም አልነበር? ውሸት ገጥሜ ቢሆን ኖሮ ይስቁ ነበር። የተቆጡት እውነት ስለሆነ ነው። ይህን ያወቅሁት የዚያን ጊዜ ነው፤ እስከዛሬም የተሻለ ማብራሪያ ያገኘልኝ ሰው የለም።

ጋሼ ምስጋናው ተጠየቀ። «ሴት ልጅ ቤቴ ገብታ አታውቅም» አለ። አልዋሸም። ለምለም አልተጠየቀችም።

እትዬ ብርቄ ለይቅርታ ድንጋይ አሸከመችኝ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። «ይቅር ብያለሁ» እስኪባል አያወርደውም። ትንሿን ድንጋይ መርጣልኛለች፤ ይህን አልክድባትም። በቦኖው ፊት ለፊት፣ በሰልፉ ሁሉ መሐል አለፍኩ። እነዚያ ወንዶች ልጆች ከጌም ቤቱ ወጥተው አዩኝ። «ተሸክመዋል» አለ አንዱ። ቃሉ የእኔ ነበር።

አቶ ደሳለኝ ደጅ አጎንብሼ ቆምኩ።

«በይ ተናገሪ» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ። «አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ በይ።»

ድንጋዩ አንገቴን ይዞታል። የማየው የሰዎቹን እግር ብቻ ነው።

«ስለ ዘፈኑ አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አልኩ። «ስለ ደብተሩ ግን አላጠፋሁም።»

«እናንተዬ!» አለች እትዬ ብርቄ።

«ስድስት ናቸው» አልኩ።

አቶ ደሳለኝ ተነስተው ገቡ። «ይቅር ብያለሁ» አላሉም። ድንጋዩን ማን እንዳወረደልኝ አላስታውስም። የእትዬ ፀሐይ እጅ ይመስለኛል፤ የሴት እጅ ነበር።

እትዬ ብርቄ «ከእንግዲህ ከተማው ውስጥ በምን ዓይኔ ጠላ እሸጣለሁ» ብላ ለአባቴ ላከችበት። አባቴ በገበያው ቀን መጣና ወሰደኝ። እስከ ወንዙ ድረስ ፊት ፊቴ ሄደ። ወንዙ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ «እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ለምን ድንጋይ ተሸከምሽ?»

«አሸከሙኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። እናቴን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ስለነበር፣ በዚያው ስለ ቃሬዛው ጠየቅሁት፤ ትከሻ ስትቀያየሩ ለምን ያህል ትቆማላችሁ አልኩት።

«አንቆምም» አለ። «በሽተኛ ላይ ይቆማል እንዴ? ይነቀንቀዋል። እየሄድን ነው የምንቀይረው።»

እኔ እንደቆሙ ነበር ያየሁት። እርግጠኛ ነበርኩ። በጥድፊያ እሮጥ ስለነበር፣ ሲቀይሩ ስለደረስኩባቸው የቆሙ መስሎኝ ይሆናል። ያን ሁሉ ክረምት የቆጠርኩት፣ ሲሳይን ሦስት ገደል ያሻገርኩት በሌለ ነገር ነው ማለት ነው። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ንዴቴ ተመለሰ። የኔ ሐሳብ ስህተት ይሁን። ደብተሮቹ ግን እውነተኛ ነበሩ።

«ለአንድ ዓመት ነው» አለ አባቴ ወንዙን እየተሻገርን። ዞሮ አላየኝም።

መስከረም አለፈ። የኔ እኩዮች ተመዘገቡ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከገበያ የተመለሰች ጎረቤታችን በጨርቅ የታሰረ ነገር አመጣችልኝ። ከእትዬ ፀሐይ ነው አለች። ስፈታው ያ ሽታ ወጣ። ደብተር ነው። ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። ጨርቁን አራገፍኩት።

«አንዱ ተጽፎበታል ብለዋል» አለች ጎረቤታችን። «አትቀየሚኝ በያት ብለዋል።»

ምዝገባው ካለቀ አንድ ወር አልፎታል። አምስቱንም ደብተር ጻፍኩባቸው። የአራተኛ ክፍልን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በልቤ ያለውን ሁሉ፣ ከፊትም ከኋላም ገልብጬ ጻፍኩት። ሲያልቅ የሚጻፍ ሌላ ነገር አልነበረኝም። አምስተኛ ክፍል ምን እንደሚማሩ አላውቅማ።

እትዬ ፀሐይን እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን ያመኑ እሳቸው ናቸው። ግን አምነው ከነበረ በበረንዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያለ፣ ጾሙ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ለምን አልተናገሩም? በጨርቅ አስረው በገበያተኛ መላክ ለምን አስፈለገ? ደግሞም ስድስት ነው ያልነው። እሱ የጻፈበትንም ጨምረው መላክ ይችሉ ነበር። እኔ የተጻፈበት ደብተር አልጸየፍም። ምን እንደጻፈበት ባነበብኩ። አምስተኛ ክፍል ምን እንደሚባል ከዚያ ባወቅሁ።

ባለሱቋ ስልኳን አስቀምጣ ታየኛለች። ልጄ በመስከረም አምስተኛ ክፍል ትገባለች፤ ከአሁኑ ቁመቷ እኔን አክሏል።

«እማ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ይየን» አልኳት። «ስንት ላይ ነበርን?»

«ዘጠኝ።»

«አስር» አልኩ። «አሥራ አንድ።» የመጨረሻውን ገልጬ እስከ ጀርባው ድረስ ገጽ በገጽ አየሁት፤ ምንም አልተጻፈበትም። «አሥራ ሁለት።»